ወተት የማይስማማው ወተቴ

የወተት ፋብሪካው የሳጥን ማጠቢያ ክፍል ከግቢው ጀርባ ያለ፣ ጣሪያው በእንፋሎት የዛገ ረጅም አዳራሽ ነው። ከየሱቁ ባዷቸውን የሚመለሱ የፕላስቲክ ሳጥኖች በአንዱ በር ይገባሉ፤ ሙቅ ውሃና ሶዳ እየወረደባቸው፣ የማሽኑ ቀበቶ እየጎተታቸው በሌላው በር ይወጣሉ። መሃል ላይ ሁለት ሰዎች ቦቲ ጫማና የላስቲክ ሽርጥ አድርገው ይቆማሉ። ከሁለቱ አንዱ ጎንበስ ሳይል በበር የማያልፍ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ጥርሱ እንደ በቆሎ ፍሬ የተደረደረ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ሲሠራ ከፋብሪካው ወተት አንዲት ጉንጭ ቀምሶ አያውቅም።

ንቆ አይደለም። ወተት አይስማማውም። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ብርጭቆ ከጠጣ ግማሽ ሰዓት አይሞላውም፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ አንጀቱ ይንጫጫል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መጸዳጃ ቤት ይቁጠረው። ያሳደገችው አክስቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ "ላልተስማማው ሰው ግድ ጠጣ ማለት ጠላትነት ነው" ብላ ተወችው። ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ዳቦ እየበላ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲሯሯጥ እየዋለ አደገ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው እጁን ሲዘረጋ የቤቱን ጣሪያ መንካት ጀመረ።

ፋብሪካው ለሠራተኛው በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሊትር ያድላል። እሱ የድርሻውን የሚሰጠው አብሮት ለሚያጥበው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌውን ሁሉም "ሻለቃ" ይለዋል፤ የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ ስለማያውቅ ሳይሆን አይቀርም ሳጥኖቹን እንደ ጦር እያዘዘ ማሰለፍ የሚወደው።

"የወተት ፋብሪካ ተቀጥሮ ወተት የማይጠጣ!" ይላል ሻለቃ ከንፈሩን እየጠረገ። "ላም አለኝ በሰማይ ማለት ያንተ ነገር ነው።"

"ላሚቱስ ምድር ላይ ናት፤ እምቢ ያለው ሆዴ ነው" ይለዋል። ሁለቱም ይስቃሉ። ነገሩ በዚያ አዳራሽ የሚያልቅ ጨዋታ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የፋብሪካው የማስታወቂያ ኃላፊ ፎቶ አንሺ አስከትላ በዚያ በኩል አለፈች። ፈጣን፣ ሳቂታ፣ እጇ ከስልክ የማይለይ ሴት ናት። እሱ በዚያች ቅጽበት ስድስት ሳጥን ደራርቦ ደረቱ ላይ ተሸክሞ ነበር።

"ቁም! እዚያው ቁም!" አለችው። "እዚህ ስትሠራ ስንት ዓመትህ ነው?"

"ዘጠኝ ዓመት፣ እመቤት።"

"ዘጠኝ ዓመት ወተት!" ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች። "አየኸው ቁመናውን? አየኸው ጥርሱን? እኛ ከውጭ ሰው እንፈልጋለን፣ ሰውየው ማጠቢያ ክፍል ተደብቋል!"

አፉን ከፈተ። "እኔ እንኳ ወተት..." ብሎ ሊጀምር ነበር። ሻለቃ ከኋላው በሳል ሳቁን ዋጠው። ኃላፊዋ ግን ክንዱን ይዛ ወደ ብርሃኑ እየጎተተችው ነበር፤ ደስታዋም የሚጋባ ዓይነት ነበር። ሰው በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን "ቁመናህን አየሁት" ሲባል አፉ አብሮ ይስቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኸው ነው።

ለፎቶው ምንም መጠጣት አላስፈለገውም። ብርጭቆ አስያዙት፣ የላይኛውን ከንፈሩን በጥጥ ወተት ቀቡት፣ "ሳቅ" አሉት፣ ሳቀ። የሆነ ወረቀት ሰጡት፣ ፈረመ። ከወር በኋላ ከዋናው አደባባይ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ግድግዳ ላይ፣ ሦስት ፎቅ አክሎ ቆመ። ከሥሩ "ጠንካራ አጥንት ከወተት ይጀምራል!" ተብሎ ተጽፏል። በአውቶቡሶች ጀርባም ተለጠፈ። መንገድ ላይ ልጆች ያዩትና "ወተቴ! ወተቴ!" እያሉ ይከተሉት ጀመር። ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልነበረውም፤ እኛም ወተቴ እንበለው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሥዕሉን ያየች ቀን ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ጉድ ነው! እኔ ቤት ውስጥ ሻይህ ላይ ጠብ እንዳይልብህ የምጠነቀቀውን!"

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ፋብሪካው ከግቢው አጥር ጋር ከተያያዙት የሠራተኛ ቤቶች አንዱን ሰጠው፤ ሁለት ክፍል፣ የራሱ የውሃ ቧንቧ ያለው። እስከዚያ ድረስ ከሴት ልጃቸው ጋር ሦስት ሆነው በአንዲት ክፍል፣ የልብስ ስፌት መኪናውን እንደ ምግብ ጠረጴዛ እየተጠቀሙ ነበር የሚኖሩት። ሚስቱ በአዲሱ ቤት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር ስታቆም ፊቷ ላይ ያየውን ነገር ወተቴ አይረሳውም። ቤቱ ግን ባዶውን አልመጣም። "ከእንግዲህ ሳጥን አታጥብም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤቶችን ትጎበኛለህ" አለችው ኃላፊዋ። "ምንም ከባድ ነገር የለውም። ነጭ ካፖርት ለብሰህ ከልጆቹ ፊት ትቆምና አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ትጠጣለህ። ያጨበጭባሉ። አለቀ።"

በመጀመሪያው ቀን፣ በመኪናው ውስጥ፣ ድፍረቱን ሰብስቦ ነገራት። "እመቤት፣ ወተት ትንሽ... ሆዴን ይረብሸዋል።"

"ትለምደዋለህ" አለችው ስልኳን እየነካካች። "እኔንም ጠዋት ጠዋት አይስማማኝም።" ከዚያ ቀና ብላ አየችውና ሳቀች። "ብቻ ይህን ለጋዜጠኛ እንዳትናገር፣ የኔ ወንድም!"

ሆዱ አልለመደም፤ መውጫ ያጣ ሰው ግን ብዙ ነገር ይለምዳል። ቁርሱን መተው ተማረ። ንግግሩን አስረዝሞ ብርጭቆዋን ከመውጫው ሰዓት ዐሥር ደቂቃ በፊት ማንሳት ተማረ። ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሲገባ ሌላው ሰው ሰንደቁን ወይ አበባውን ያያል፤ እሱ ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው መጸዳጃ ቤቱን ነው። በሩ መቆለፊያ ያለው ይሁን፣ ውሃ ይኑረው አይኑረው፣ ከመድረኩ ስንት እርምጃ እንደሆነ በቃሉ ያውቃል። ማክሰኞና ሐሙስ ሲመጣ ከዋዜማው ጀምሮ እንቅልፍ ይነሳዋል።

ሰውነቱም እየሟሸሸ ሄደ። ሚስቱ የሱሪውን ወገብ አንድ ጊዜ አጠበበች፣ ከሁለት ወር በኋላ ደገመች። ሦስተኛ ጊዜ ስትለካው መቀሷን አስቀመጠች።

"ለምን አትነግራቸውም? በቀጥታ፣ በአማርኛ፣ ወተት አልጠጣም ብለህ!"

"ነግሬያት ነበር እኮ።"

"ሹክ ማለትና መናገር አንድ ነው?"

"ነግሬስ? ይህን ቤት ምን ብዬ ላስረክብ? አንቺስ መኪናሽን የት ልታቆሚ ነው?" ሱሪውን አውልቆ በእጁ እየጠቀለለ ቀጠለ፦ "የነብር ጭራ አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም።"

"እንግዲያ ነብሩ እየበላህ ነው" አለችና ሱሪውን ከእጁ ወሰደች።

ልጃቸው የስምንት ዓመት ናት፤ ቀጭን፣ እግሯ እንደ አባቷ ረጅም። በዚያ ዓመት ፋብሪካው ለትምህርት ቤቷ ወተት ማደል ጀመረ፤ እያንዳንዱ ልጅ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ሆዷን ይዛ መምጣት አበዛች። እናትየዋ የሆድ ትል ነው ብላ መድኃኒት ገዛችላት። አልተሻላትም። አባትየው ጠረጠረ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከመጠርጠርም አልፎ ያውቀው ነበር። ግን የልጁን ሆድ ማወቅ ማለት ስለ ራሱ ሆድ መናገር ማለት ነው፤ ስለዚህ "ትል ነው፣ ያልፋል" አለ። በኋላ እስኪበቃው የተጸጸተበት ቃል ይህ ነው።

እንደተፈራውም የትምህርት ቤቷ ተራ ደረሰ። ሐሙስ ጠዋት ነበር። ልጆቹ በግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል፤ ርዕሰ መምህሩ ከረባት አሥረዋል፤ ኃላፊዋ ፎቶ አንሺውን ይዛ መጥታለች። ወተቴ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ መድረኩ ላይ ወጣ። የልጁ አስተማሪ ማይኩን ተቀበለችና ፊቷ እየበራ እንዲህ አለች፦

"ልጆች፣ ዛሬ ልዩ ነገር አለን! ወተቴ የሚጠጡት ለብቻቸው አይደለም። ልጃቸው አብራቸው ትጠጣለች! ይቺ ተማሪያችን ወተት ሲባል ታኮርፋለች፤ አባቷ ፊት ግን ምን ይዋጣት!"

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ልጅቱን እጇን ይዘው ወደ መድረኩ አወጧት። ብርጭቆ ሰጧት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ አባቷ ቀና ብላ አየችው። አፏን ወደ እሱ አስጠግታ፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ "አባዬ፣ ያመኛል" አለችው።

ወተቴን በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያ መድረክ የጠበበው ቦታ የለም። በፊቱ አምስት መቶ ልጅ አለ። በግራው ካሜራ አለ። በቀኙ ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ለጭብጨባ አዘጋጅተው ቆመዋል። ከኋላው ግድግዳ ነው። "አይ" የምትለው አንዲት ቃል ምላሱ ላይ ነበረች፤ ትንፋሽ እንኳ አትፈጅም። ኃላፊዋ ከታች ሆና በእጇ "ቶሎ" አለችው።

ብርጭቆውን አነሳ። ጠጣ።

ልጅቱ አየችው። አባቴ ከጠጣ እኔም መጠጣት አለብኝ ብላ ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችው። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ካሜራው ብልጭ አለ። የሁለቱም ከንፈር ላይ ነጭ ቀርቷል።

ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ ሆዱ ጮኸ። "ይቅርታ" ብሎ ወደ መምህራን መጸዳጃ ሮጠ፤ ሃያ ሁለት እርምጃ። ሲወጣ ከወዲያ በኩል የልጆች ሁካታ ሰማ። ሄዶ ሲያይ ልጁ ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ ቆማለች። የልጆቹ መጸዳጃ ሩቅ ነው፤ አልደረሰችም። ቀሚሷ ከኋላው ተበላሽቷል። ዙሪያዋን ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ይስቃሉ። አታለቅስም። እሱን ስታይ ብቻ አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ነጩን ካፖርት አውልቆ ጠቀለላት፣ አዘላት፣ በበሩ ወጣ። ርዕሰ መምህሩ "ወተቴ! ጌታዬ! መርሐ ግብሩ!" እያሉ ተጣሩ። አልዞረም። ሦስት ፌርማታ ያህል መንገድ በእግሩ ሄደ። መንገደኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ "ወተቴ፣ እንደምን ዋልክ! ጎበዝ፣ አሁንም ጉልበት አለህ!" ይለዋል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ጀርባው ላይ ያለችው ልጅ መሃል ላይ ጠየቀችው፦

"አባዬ፣ አንተንም ያምሃል?"

"ያመኛል።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"ታዲያ ለምን ጠጣህ?"

ወተቴ መልስ ፈለገ። ቤቱ፣ ፊርማው፣ ካሜራው፣ ሁሉም ትክክለኛ ምክንያት ነበር። አንዳቸውም ለስምንት ዓመት ልጅ የሚነገሩ አልሆኑም። ካፖርቱን አጥብቆ እንደጠቀለላት እስከ ቤት ተሸክሟት ሄደ።

በማግስቱ እናትና አባት ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። የሁለቱንም ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማች።

"ወተት ውስጥ ስኳር አለ" አለች። "እሱን የሚፈጨው ነገር አንዳንድ ሰው እያደገ ሲሄድ ሆዱ ውስጥ ይቀንሳል። ብርቅ አይደለም፤ በዓለም ላይ ብዙ ሰው እንደዚህ ነው። በዘር ይወርዳል። ጥጋብም፣ ቅብጠትም አይደለም።"

"አጥንቴስ?" አለች ልጅቱ። ይህ ጥያቄ ለብዙ ወር ውስጧ ታምቆ እንደነበር ሁሉም አወቁ። "አስተማሪያችን ወተት ያልጠጣ አጥንቱ እንደ ብስኩት ይሰበራል ብላለች።"

ሐኪሟ ወደ አባትየው ቁመት ቀና ብላ አየችና ፈገግ አለች። "አባትሽ ተሰብረዋል? ስሚኝ፣ ልጄ። አጥንት የሚፈልገው ካልሲየም ነው። ወተት ውስጥ በደንብ አለ፤ ለሚስማማው ሰው ጥሩ ነው፣ ቀላልም ነው። ግን ብቸኛው በር እሱ አይደለም። ጎመን ውስጥ አለ፣ ባቄላ ውስጥ አለ፣ ሰሊጥ ውስጥ አለ፣ ከነአጥንቱ የሚበላ ትንንሽ ዓሣ ውስጥ አለ። እርጎ ደግሞ ጥቂት ጥቂት እያልሽ ብትሞክሪ ሊስማማሽ ይችላል። ካልተስማማሽም ይቅር። ከዚያ ፀሐይ፣ ከዚያ መሮጥና መዝለል። ወተት ስትተዪ ግን የተውሽውን በሌላ መተካት አለብሽ፤ ዝም ብሎ መተው አይሆንም።" ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈች። ወተቴ አየውና "ለእኔም ይጻፍልኝ" አለ። ሐኪሟ የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ለእሱም ጻፈችለት።

ሁለቱን ደብዳቤ ይዞ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ። ግድግዳው ላይ የሐሙሱ ፎቶ ታትሞ ተሰቅሏል፤ አባትና ልጅ፣ ነጭ ከንፈር፣ ሳቅ የመሰለ ነገር። ቆሞ አየው። ከዚያ ምንም ሳያስቀር ነገራት።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። የልጅቱን ነገር ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ግን ብዙም ሳትቆይ ሐሳቧ ወደ ሥራዋ ተመለሰ። "እሺ፣ መፍትሔ አለው። ብርጭቆው ውስጥ የሩዝ ውሃ እናደርጋለን። ነጭ ነው። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ፤ ልጄም ታውቃለች።"

"ወንድሜ፣ እኔም እኮ አለቃ አለብኝ!" ድምፅዋ ተለወጠ። መሳቢያ ከፍታ የፈረመበትን ወረቀት አወጣች። ፎቶው ለአምስት ዓመት የፋብሪካው ነው። ቤቱ የተሰጠው ለጉብኝቱ ሥራ ነው። "ጉብኝቱን መተው መብትህ ነው። ቤቱን ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ታስረክባለህ። ግድግዳው ላይ ያለው ደግሞ አይወርድም።"

"ግድግዳው ላይ ያለው ወተት አይጠጣም" አላት ወተቴ። "እኔም አልጠጣም።"

ከቢሮው ወጥቶ ወደ ቤቱ አመራ። ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት እያሰላሰለ ገባ። እሷን የስፌት መኪናዋን ክዳን ገጥማ በገመድ እያሰረች አገኛት። "ስትወጣ ፊትህን አይቼው ነበር" አለችው። "ና፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።"

በሚስቱ እህት ግቢ ውስጥ ወዳለች አንዲት ክፍል ተዛወሩ። ወተቴም ወደ ሳጥን ማጠቢያው ተመለሰ። ሻለቃ ሲያየው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠውና፣ "የጎደለው ጦር ተሟላ! ግማሽ ሊትሬ የታለች?" አለው። በብዙ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

ይሁን እንጂ ነፃ ወጣ ማለት አይቻልም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲሄድ ራሱ ሦስት ፎቅ አክሎ ከላይ ይመለከተዋል። አውቶቡስ ሲጠብቅ ራሱ ከነብርጭቆው ይመጣል። አንዳንዴ ለሰዉ እውነቱን ይነግራል፤ "እኔ እኮ ወተት አልጠጣም" ይላል። ሰዉ ይስቃል። "ወተቴ ቀልድ ታውቃለህ!" ይሉታል። በገዛ ፊቱ ላይ ምስክር ሆኖ ቢቆም የሚያምነው አላገኘም። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው አምስት ዓመት ገና አራቱ ይቀረዋል።

ትምህርት ቤቱ ግን የሐኪሟን ደብዳቤ ተቀበለ። አስተማሪዋ መጀመሪያ ከንፈሯን ጣል አድርጋ ነበር ያነበበችው። በሳምንቱ ሌላ እናት ተመሳሳይ ደብዳቤ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ሌላ። በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ወተቱን በድብቅ ለጓደኛ የሚያሳልፉ፣ በመስኮት የሚደፉ፣ ጨክነው የሚጠጡና ሲያማቸው የሚውሉ ሰባት ልጆች ተገኙ። አስተማሪዋ ወተቴን ከበሩ ላይ ጠብቃ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ "አላወቅኩም ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ" አለችው። "እኔም እያወቅኩ ዝም ብዬ ነበር፤ ከእርስዎ የእኔ ይብሳል" አላት።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ ከፋብሪካው በር ላይ የማያውቃት ሴት አስቆመችው። የአራት ዓመት ልጅ አቅፋለች። ፊቷ የሌሊት እንቅልፍ የናፈቀው ሰው ፊት ነው።

"ወንድሜ፣ ወተቴ አንተ ነህ አይደል? ይህ ልጅ ወተት በጠጣ ቁጥር ያስመልሰዋል። ጎረቤቶቼ ግድ በዪው፣ አለዚያ አጥንቱ አይጠናም ይሉኛል። አንተ እንዴት ለመድከው?"

ወተቴ ሽርጡን አላወለቀም ነበር፤ ውሃው ከጫፉ ይንጠባጠባል። ሴትየዋ ስለ እሱ የምታውቀው ግድግዳው ላይ ያየችውን ብቻ ነው። ቢነግራት እንደ ሌሎቹ ትስቅ ይሆናል ብሎ አሰበ። ቢሆንም ነገራት።

"አልለመድኩትም፣ እህቴ። ጠጥቼውም አላደግኩም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ማስመለስ የሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል። ወተቱ ነው ካሉሽ ግን ግድ አትበዪው። ሌላ የሚበላ ነገር አለ፤ እሱንም ልጄን ያየቻት ሐኪም ትነግርሻለች።"

ሴትየዋ አልሳቀችም። ልጇን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችና፣ "ሐኪሟ የት ናት?" አለችው። ወተቴም እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ መንገዱን አሳያት።